የጾም ማኪያቶ ለምን ይቋጠራል? የአኩሪ አተር ወተት፣ የጾም አይብና የፒዛ ቺዝ አሠራር

የአራት ኪሎዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ስለ ጾም ወተትና አይብ ነው። ካፌያችን አራት ኪሎ አካባቢ ያለች፣ አነስተኛ ናት። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በየቀኑ፣ ከሚታዘዘው ማኪያቶ አብዛኛው የጾም ነው። እስካሁን ይቀርብ የነበረው በካርቶን የሚመጣው የውጭ የሶያ ወተት ነው። ዋጋው አይቀመስም፤ ደግሞ ጾሙ ሲገባ ከገበያ ይጠፋል። ስለዚህ አኩሪ አተሩን ከእህል በረንዳ እየገዛን እዚሁ ማዘጋጀት ጀምረናል። አሠራራችን እንዲህ ነው፦ አንድ ኪሎ አኩሪ አተር ውኃ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት በ8 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በብሌንደር ይፈጫል፣ በአቡጀዲ ይጠለላል፣ ከዚያ እሳት ላይ ይጣድና ገንፈል ሲል ይወርዳል።

ወተቱ ጥሬ ባቄላ ጥሬ ባቄላ ይሸታል። ቡና ላይ ሲፈስ ፍርፍር ብሎ ይቋጠራል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ጠዋት ደህና የነበረው ከሰዓት ይበላሻል። ፍሪጅ ውስጥ አድሮም በማግስቱ ይኮመጥጣል። ከዚህ ሌላ፣ ለበያይነቱ የሚሆን የጾም አይብና ለፒዛ የሚሆን የሚቀልጥ ቺዝ ከዚሁ ወተት ማውጣት ይቻላል ወይ? በካሹ የሚሠራውን አትንገሩኝ፤ ለካፌ አያዋጣም። አጃስ ይሻል ይሆን? ልኩን በግራምና በደቂቃ የምታውቁ ብትጽፉልኝ ውለታችሁ ብዙ ነው።

ሙቀትና ሰዓት

እህቴ፣ ዋናው ችግር «ገንፈል ሲል ይወርዳል» ያልሽው ላይ ነው። የአኩሪ አተር ወተት የሚገነፍለው ስለፈላ አይደለም። ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያበዛ ነገር ስላለው፣ ገና ሳይፈላ አረፋው ተነሥቶ ከድስቱ አፍ ይወጣል። ሲያዩት የፈላ የላም ወተት ይመስላል፤ ከአረፋው ሥር ያለው ግን ገና ጥሬ ነው። ጥሬው ውስጥ ደግሞ ሆድ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለ፤ ትሪፕሲን ኢንሂቢተር ይባላል። በደንብ ያልበሰለ የአኩሪ አተር ወተት የጠጣ ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ስለዚህ ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለደንበኛ ከመቅረቡ በፊት መስተካከል ያለበት ነገር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ጣጣ ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው እንጂ በ100 አይደለም። ከውጭ ቪዲዮ የሚቀዳው «15 ደቂቃ አፍሉት» የሚለው ልክ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የወጣ ነው። በ93 ዲግሪ ያ ከልካይ ነገር በቂ በሆነ መጠን እንዲጠፋ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ይህን ሰዓት ለማሳጠር ከታች እንዳለው ፍሬውን ሳይፈጭ በፊት ቀቅሎ ማብሰል ይቻላል።

ሽታውን በተመለከተ፣ ደረቁን አኩሪ አተር ብታሸቺው ያን ያህል አይሸትም። ሽታው የሚፈጠረው ፍሬው ከውኃ ጋር ሲፈጭ ነው። ሊፖክሲጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም (ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ከተሰበረው ፍሬ ወጥቶ ዘይቱን ከአየር ጋር ያዋህደዋል። ኢንዛይሙ ሙቀት አይችልም። በቀዝቃዛ ውኃ ከተፈጨ ግን ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቢፈላም ሽታው ሙሉ በሙሉ አይለቅም። መድኃኒቱ በሙቅ መፍጨት ነው።

ለቡና የሚሆነውን እንዲህ ሥሪው። 1 ኪሎ ፍሬ ልቀሚና በ3 ሊትር ውኃ ዘፍዝፊ፤ 12 ሰዓት በቂ ነው፣ በክረምት ብርድ 14 ይሁን። አንዷን ፍሬ ለሁለት ክፈያት። የውስጥ ፊቷ ልሙጥና አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ ደርሷል፤ መሐሉ ጎድጎድ ካለ ገና ነው። የዘፈዘፍሽበትን ውኃ ድፊው። 4 ሊትር ውኃ አፍልተሽ 20 ግራም ቤኪንግ ሶዳ (ልክ አራት የሻይ ማንኪያ፣ ሙልጭ ተደርጎ የተለካ) ጨምሪበት፣ ፍሬውን ክተቺ። እንደገና ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ ቁጠሪ። አጥልለሽ በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ እጠቢው፤ ሶዳው ከቀረ ወተቱ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከዚያ ከእሳት በወረደ ሙቅ ውኃ ፍጪው። በጠቅላላ 7 ሊትር ውኃ ይበቃል፤ ለማኪያቶ 8 ሊትር ያቀጥነዋል። ብሌንደሩን ከሲሶ በላይ አትሙዪው፣ የክዳኑን ትንሽ መክፈቻ አንሥተሽ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ሙሉ በሙሉ ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑን ፈንቅሎ ሰው ያቃጥላል። የመስታወት ብሌንደር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በለብ ያለ ውኃ አሙቂው፤ አለዚያ ይሰነጠቃል።

ከተጠለለ በኋላ ከግማሽ በማያልፍ ትልቅ ድስት፣ በመካከለኛ እሳት፣ በእንጨት ማንኪያ ሥሩን እየፋቅሽ አፍዪው። ፕሮቲኑ ድስቱ ሥር ይዝና ያራል፤ ትንሽ ካረረ ሙሉው ወተት ይጨሳል፣ መመለሻም የለውም። አረፋው ተነሥቶ ሲወርድና ወተቱ ከታች ወደ ላይ ሲንፈቀፈቅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ 30 ደቂቃ። በመጨረሻ ለአንድ ሊትር 1 ግራም ጨው፣ 10 ግራም ስኳር፣ 10 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው ዘይት ጨምረሽ ትኩሱን በብሌንደር ምቺው። ዘይቱ ነው ወተቱን ወፈር የሚያደርገው፤ አኩሪ አተር ብቻውን አፍ ላይ ቀጭን ነው።

የሚኮመጥጠው ከማፍላቱ በኋላ ባለው አያያዝ ነው። ማፍላት ሁሉንም ተሕዋስያን አይገድልም፤ ቅርፊት ያላቸው የባክቴሪያ ዘሮች ይተርፋሉ። ወተቱ ለብ ባለ ቁጥር ይነቃሉ። ትኩስ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ መሐሉ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ የሚበላሸው ያኔ ነው። ድስቱን በረዶ ያለበት የውኃ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠሽ እያማሰልሽ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዢው። ከዚያ በ1 ሊትር፣ በ1 ሊትር ዕቃ ከፍለሽ ፍሪጅ አስገቢ። በ4 ዲግሪ 3 ቀን ይቆያል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ሁለት ሦስት ሃይላንድ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርገሽ ያዢ፣ ሲጠፋ ወደ ፍሪጁ አዙሪው። የብሌንደሩን ምላጭ ፈትተሽ ከሥሩ ያለውን ጎማ እጠቢ፤ ትናንትና የተፈጨው እዚያ ተሸጉጦ ያድራል። አቡጀዲውም በየቀኑ ይቀቀል።

ማሽን ላይ የቆመ

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ የመቋጠሩን ነገር ልጨምር። የአኩሪ አተር ፕሮቲን ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ወደ 4.5 ሲቀርብ እርስ በእርሱ ተያይዞ ይረጋል። ቡና ወደ 5 ገደማ ነው፤ ሙቀቱ ሲታከልበት ይበቃዋል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚቋጠረው ባንኮኒ ላይ የዋለው ወተት ቀስ እያለ ስለሚኮመጥጥ ነው። ምላስ ገና አይለየውም፣ ቡናው ግን ይለየዋል። ወተቱ ከፍሪጅ ወጥቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በትንሽ በትንሹ አውጡት።

ደግሞ የእኛ ማኪያቶ ከሌላው አገር ላቴ ይለያል። ስኒው ትንሽ፣ ቡናው ወፍራም፣ ወተቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለአንድ ማንኪያ ወተት የሚደርሰው አሲድ ብዙ ነው። ላቴ ላይ የማይቋጠር ወተት ማኪያቶ ላይ የሚቋጠረው ለዚህ ነው። ካርቶኑ ላይ «ባሬስታ» የሚል የተጻፈበት ወተት ውስጥ ብዙ ጊዜ ዳይፖታሲየም ፎስፌት አለ፤ ሥራው አሲዱን ማብረድ ነው። በቤት ውስጥ በእሱ ፋንታ ቤኪንግ ሶዳ ይሠራል፦ ለ1 ሊትር ግማሽ ግራም፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ። ፍሬው በሶዳ ከተቀቀለ በግማሹ ልክ ጀምሩ። ከበዛ ማኪያቶው ግራጫ ይሆናል፣ ጣዕሙም ይደበዝዛል።

ስቲም ሲደረግ ከ60 ዲግሪ አይለፍ። ፒቸሩ (ወተቱ የሚሞቅበት ማንቆርቆሪያ) እጅ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ አላስይዝ ሲል ዝጉት። አየር የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ብቻ ነው፤ የአኩሪ አተር አረፋ ከላም ወተት ቶሎ ይነፋል፣ ከዚያ ደርቆ ይቆማል። ቡናው ከወረደ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ይረፍ። አንድ ጊዜ የሞቀ ወተት ተመልሶ አይሞቅ።

የቡናውን ዓይነትም ተመልከቱ። ታጥቦ የተዘጋጀ፣ ሳሳ ተደርጎ የተቆላ ይርጋጨፌ ወይም ሲዳማ አሲዱ ጎላ ያለ ነው፤ ያ ነው ውበቱ። ለጾም ማኪያቶ ግን ትንሽ ጠቆር ብሎ የተቆላ ወይም በደረቁ የተዘጋጀ ቡና ይሻላል። ሁለተኛ ወፍጮ ካለ ለጾም ቀን ሌላ ቡና መያዝ ያዋጣል።

አንድ ነገር በጣም አደራ፦ የጾም ፒቸርና የፍስክ ፒቸር ይለይ። የስቲሙ አፍንጫ ላይ የላም ወተት ደርቆ እያለ የጾም ወተት ውስጥ ይገባል። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ሁለት ሰከንድ ወደ ባዶ ይነፋ፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ሰው «የጾም» ሲል አምኖን ነው የሚያዘው።

ጌሾና ብቅል

ስለ አጃ ለጠየቅሽው። አጃ ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ ቡና ላይ እምብዛም አይቋጠርም። ጣጣው ስታርቹ ነው። 100 ግራም አጃ በ1 ሊትር ውኃ ፈጭተሽ፣ ጠልለሽ፣ ስቲም ስታደርጊው ወተት ሳይሆን አጥሚት ነው የሚሆነው፤ ይወፍራል፣ ይዝለገለጋል። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲው ሪካርድ ኦስቴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መላ ያገኙለት ለዚሁ ነገር ነው። ስታርቹን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ጨመሩበት፤ ኦትሊ የሚባለው የአጃ ወተት ከዚያ ሥራ የወጣ ነው።

ያ ኢንዛይም እኛ ጓዳ ውስጥ አለ፤ የገብስ ብቅል ነው። ጠላ ሲጠመቅ እህሉን ወደ ስኳር የሚለውጠው እሱ ነው። 120 ግራም አጃ በ1 ሊትር ውኃ አሽተሽ እያማሰልሽ እስከ 65 ዲግሪ አሙቂ። ከእሳት አውርደሽ 10 ግራም በደንብ የደቀቀ ብቅል (አንድ የሾርባ ማንኪያ) ጨምሪ፣ ክደኚ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ 40 ደቂቃ አቆዪው። ከ60 እስከ 65 ባለው ውስጥ ይሠራል፤ ከ75 ካለፈ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ከ55 ከወረደ ያንቀላፋል። ያለ ቴርሞሜትር አትሞክሪው። ሲሠራ በዓይን ይታያል፦ ማንኪያ ላይ የሚንጠለጠለው ሙቅ እንደ ውኃ ይቀጥናል። ለማረጋገጥ አንድ ማንኪያ ለብቻ አቀዝቅዘሽ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን አንድ ጠብታ ጣይበት። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከዞረ ስታርች ቀርቷል። የሞከርሽበትን ማንኪያ ድፊው፣ ወደ ድስቱ አይመለስ።

ከዚያ 10 ደቂቃ አፍልተሽ ኢንዛይሙን አቁሚ፣ አቀዝቅዢ፣ ጨርቁን ሳትጨምቂ ጠልይ። ከተጨመቀ አተላው አብሮ ይወጣል። 15 ሚሊ ሊትር ዘይትና 1 ግራም ጨው ጨምረሽ ምቺው። ስኳር አያስፈልገውም፤ ብቅሉ ራሱ ያጣፍጠዋል። ብቅሉ በፀሐይ ብቻ የደረቀ ይሁን፤ እሳት ያገኘው ብቅል ኢንዛይሙ ሞቷል። ብዙ ሰው «አልሠራም» የሚለው በዚህ ነው። ገብስ ስላለበት ግሉተን ለማይስማማው ሰው አይቀርብም።

ለማኪያቶ ከጠየቅሽኝ የአጃና የአኩሪ አተር ቅልቅል፣ እኩል በእኩል፣ ከሁለቱም ይሻላል። አጃው ሽታውን ይሸፍናል፣ አኩሪ አተሩ አረፋውን ይይዛል።

ሱፍ በአናት

ወደ አይቡ ልግባ፤ እዚህ ላይ ነው እጃችን የሚያምረው። የሚቀልጥ ቺዝ አስቸጋሪ ነው፤ የእኛ አይብ ግን ከአኩሪ አተር ለመሥራት እጅግ የሚመች ነው። ምክንያቱም የላሙ አይብም የሚሠራው ኮምጠጥ ያለ አሬራ እሳት ላይ ሞቆ ሲቋጠር ነው፤ አሲድና ሙቀት። ማኪያቶውን የሚያበላሽብሽ ነገር ራሱ አይቡን ይሠራልሻል።

ግን ለቡና የተዘጋጀውን ወተት ለአይብ አትጠቀሚበት። ፍሬው ሳይፈጭ ሲቀቀል ፕሮቲኑ እዚያው ፍሬው ውስጥ ይጠነክራል፣ ወደ ወተቱ በቂ አይወጣም። ሶዳው ደግሞ ሎሚውን ይበላዋል። ዘይትም ስኳርም አይኑርበት። ለአይብ ፍሬውን ዘፍዝፈሽ፣ ሳትቀቅዪ፣ በፈላ ውኃ ፍጪ፦ ለ1 ኪሎ 7 ሊትር። ጠልለሽ ወተቱን አንድ ሰዓት ሙሉ አፍዪ፤ ለአይብ አቋራጭ የለውም።

አውርደሽ ወደ 78 ዲግሪ እስኪበርድ ጠብቂ። ለ1 ሊትር ወተት 50 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ በርዢ። በሦስት ጊዜ ከፍለሽ፣ ማንኪያውን አንድ ዙር ብቻ እያዞርሽ ጨምሪ። ክደኚና 15 ደቂቃ አትንኪው። አጓቱ ጠርቶ ቢጫማ ከሆነ ጨርሷል። ነጭ ነጭ ካለ ሌላ አንድ ማንኪያ ሎሚ። ማማሰል ከበዛ ቁጥሩ ዱቄት ይሆንና ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ሎሚው በአንድ ጊዜ ከተደፋ ደግሞ ላይኛው ክፍል ኮምጥጦ ይጠነክራል፣ ሥሩ ወተት እንደሆነ ይቀራል። ሎሚ ሲወደድ አቼቶ በዚሁ ልክ ይሠራል፤ ሽታው ግን ጥሩ እጥበት ይፈልጋል።

ጨርቅ ላይ ገልብጠሽ አንድ ጊዜ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አፍስሺበት፣ ሎሚውን ያነሣዋል። ግማሽ ሰዓት ይንጠልጠል። አትጫኚው። ከተጫነ ቶፉ (ጠጠር ያለ የአኩሪ አተር አይብ) ይሆናል፤ እኛ የምንፈልገው በጣት ሲነካ የሚፈረፈረውን ነው። ከ1 ኪሎ ደረቅ ፍሬ ወደ 2 ኪሎ ገደማ እርጥብ አይብ ይወጣል። አንዳንድ ሰው «ቶፉ በጂፕሰም ይሠራል» ሲባል ሰምቶ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ጀሶ ይገዛል። ለምግብ ያልተዘጋጀ ጀሶ ውስጥ ምን እንደተደባለቀ አይታወቅም፤ ፈጽሞ አይነካ።

አሁን ጣዕሙ። የአኩሪ አተር አይብ የሚጎድለው ቅባትና የቅቤ መዓዛ ነው። 200 ሚሊ ሊትር ዘይት በጣም ዝግ ባለ እሳት ላይ አድርገሽ አንድ እፍኝ ኮሰረት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ሩብ ማንኪያ አብሽ፣ ትንሽ በሶብላ ጣይበት። 20 ደቂቃ ሳይጠበስ ይንፈር፣ ይጠለል። ኮሰረቱ ነው የንጥር ቅቤውን ትዝታ የሚያመጣው። ለግማሽ ኪሎ አይብ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከዚህ ዘይት፣ 5 ግራም ጨው፣ ጥቂት ጥቁር አዝሙድ፣ ከተገኘ ጤና አዳም። ጎመን ጎን አስቀምጪው፤ አፍ ላይ ያለው ስሜት አይብ ነው።

ከዚህ ጋር ስልጆ አትርሺ። የጾም ቺዝ ሲነሣ ሁሉም ወደ ካርቶኑ ያያል፤ የሱፍ ጭማቂ ከባቄላ ዱቄት ጋር ተገንፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በሰናፍጭና በነጭ ሽንኩርት ለቀናት የሚቦካው ስልጆ ግን የራሳችን የቦካ የጾም ቺዝ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኩምጣጤው ከቦካ የመጣ ስለሆነ ከሎሚው ይጠልቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስልጆ ለሩብ ኪሎ አይብ ሲገባ ጣዕሙ ያረጀ ይመስላል፤ ከዚያ በላይ ሰናፍጩ ይውጠዋል። እርጎ ጠብ አድርጎ ማቦካት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን እሱ ጾሙን ያፈርሰዋል።

በኦቾሎኒ ለምትሞክሩ ደግሞ፦ የጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ሻጋታ የነካውን አንድ በአንድ ልቀሙ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

ምድጃ ቁጥር 2

የፒዛ ቺዝ። መጀመሪያ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ይታወቅ። የላም ቺዝ የሚሳበው ካሴይን የሚባለው የወተት ፕሮቲን በካልሲየም ተያይዞ መረብ ስለሚሠራ ነው። ሲሞቅ መረቡ ይላላል እንጂ አይበጠስም። የአኩሪ አተር ፕሮቲን ግን አንዴ ከተቋጠረ ቢሞቅ አይቀልጥም፤ ይደርቃል። ስለዚህ ከላይ ያለውን አይብ ፒዛ ላይ በትናችሁ እንዲሳብ አትጠብቁ። ከውጭ የሚመጡት የጾም ቺዞች ስማቸው ይለያይ እንጂ ብዙዎቹ ስታርችና የኮኮናት ዘይት ናቸው፤ ፕሮቲን የላቸውም ማለት ይቻላል።

ያለ ካሹ የሚሠራው ይህ ነው፦ ስኳር የሌለው ወፍራም የአኩሪ አተር ወተት 500 ሚሊ ሊትር፣ የካሳቫ ስታርች 45 ግራም፣ ዘይት 60 ሚሊ ሊትር፣ ጨው 7 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት አንድ ፍንካች፣ ሎሚ 15 ሚሊ ሊትር። ከሎሚው በቀር ሁሉንም በቀዝቃዛው በብሌንደር ምቱ። ስታርች ትኩስ ውስጥ ከገባ ይጓጉላል። በመካከለኛ እሳት ሳታቋርጡ አማስሉ። መጀመሪያ ቁርጥርጥ ይላል፤ የተበላሸ መስሎ ብዙ ሰው የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሉ። ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ተያይዞ ያብረቀርቃል፣ ከማንኪያው እንደ ክር ይወርዳል። አውርዳችሁ ሎሚውን ጨምሩ። ሎሚው ቀድሞ ከገባ አሲዱና ሙቀቱ ስታርቹን ያቀጥኑታል፣ ፕሮቲኑንም ይቋጥሩታል።

የበቆሎ ስታርች በምትኩ አይሆንም። አሚሎዝ የሚባለው ክፍል ስለሚበዛበት ሲበርድ እንደ ጄሊ ይቆማል፣ ሲነከስም ይቆረሳል። የድንች ስታርች መሐል ላይ ነው። ቡላ በደንብ ያወፍራል፤ ለላዛኛ ነጭ ስጎ ጥሩ ነው፣ ክር ግን አልፈልግበትም። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ኮኮናት አታድርጉት። የኮኮናት ዘይት በ24 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ በእኛ ማታ ብርድ ፒዛው ጠረጴዛ ላይ ሳለ ዘይቱ ረግቶ ላንቃ ይለብሳል። ግማሹ ፈሳሽ ዘይት ይሁን።

ፒዛው ላይ ከመጀመሪያው አይቀባ፤ ስታርቹ ደርቆ ቆዳ ያወጣል። ሊጡና አትክልቱ ሊበስል 3 ደቂቃ ሲቀረው አውጥታችሁ በማንኪያ በየቦታው ጣል ጣል አድርጉ፣ ትንሽ ዘይት ርጩበት፣ መልሱት። ከተማችን ውስጥ «የጾም ፒዛ» ማለት ብዙ ቦታ ቺዙ የተነሣለት ፒዛ ማለት ሆኗል። ይህች ሦስት ደቂቃ ትልቅ ልዩነት ታመጣለች።

የአራት ኪሎዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለካ ለቡናና ለአይብ ወተቱ ራሱ ይለያያል። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ጊዜ ለመቆጠብ ወተቱን ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ማብሰል ይቻላል? ደግሞ «ናን ዴይሪ» (ወተት የሌለበት) የሚል የተጻፈበት ለቡናና ለኬክ የሚሆን ዱቄት ክሬም ገበያ ላይ አለ፤ እሱ የጾም ነው ወይስ አይደለም?

ሙቀትና ሰዓት

ወተቱን በቀጥታ ፕሬዠር ኩከር ውስጥ አታድርጊው። አረፋው ወደ ቫልቩ ወጥቶ ይደፍነዋል፤ የተደፈነ ቫልቭ አደጋ ነው። የሚቻለው በሌላ ዕቃ ነው። ሥሩ ላይ ሦስት ጣት ውኃ አድርገሽ፣ ወተቱን ከግማሽ በማያልፍ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ማስቀመጫ ላይ አቁሚ። ፉጨቱ ከጀመረ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ እንፋሎቱ በራሱ እስኪወጣ ጠብቂ። ለአነስተኛ መጠን ጥሩ ነው፤ ለ7 ሊትር ግን ትልቁ ድስት ይሻላል።

ማሽን ላይ የቆመ

የዱቄት ክሬሙን ጀርባውን አንብቢ። «ናን ዴይሪ» የሚባሉት ብዙዎቹ ሶዲየም ካሴይኔት አለባቸው፤ ያ በቀጥታ ከላም ወተት የወጣ ፕሮቲን ነው። ቅባቱ የዘንባባ ዘይት ስለሆነ ነው በአንዳንድ አገር እንደዚያ ተብለው የሚሸጡት። ካሴይን፣ ካሴይኔት፣ ዌይ፣ ላክቶስ ከሚሉት አንዱ ካለ የጾም አይደለም። ለኬክ የሚመታው ክሬምና አንዳንድ ማርጋሪን ላይም እንደዚሁ ፈልጊ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አትመኚ። ይህ የጾም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የወተት አለርጂ ላለበት ሰው አንዲት ማንኪያ ሆስፒታል ታስገባዋለች።

አያይዤ ስለ ስሙ። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ደረጃ «ወተት» የሚለው ቃል ከእንስሳ ለሚታለበው የተጠበቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ቶፉታውን በተባለው የጀርመን ኩባንያ ጉዳይ የአኩሪ አተር ውጤት «ወተት» ወይም «ቺዝ» ተብሎ እንዳይሸጥ ወስኗል፤ የኮኮናት ወተትን የመሳሰሉ የቆዩ ስሞች ግን ተፈቅደዋል። ካፌ ውስጥ ለሚጠጣው «የጾም ማኪያቶ» ማለት ሁሉም የሚያውቀው ነው። አሽገሽ ለሱቅ ልታስረክቢ ካሰብሽ ግን «የአኩሪ አተር መጠጥ» ብለሽ፣ የገባበትን ሁሉ ዘርዝረሽ ጻፊ፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋ ያለውን ምዝገባም አስቀድመሽ ጨርሺ። ደንበኛ ለልጅ ከጠየቀሽ እውነቱን ንገሪ፦ የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ምንም ያልተጨመረበት የቤት የአኩሪ አተር ወተት የዚያን ሩብ እንኳ አይደርስም፣ ቢ12ም የለውም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ በጡት ፋንታ ፈጽሞ አይሰጥም።

ሱፍ በአናት

ስለ ክምችት ሳትጠይቂ ልንገርሽ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ፍላጎቱ ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ የሁዳዴን መጠን ይዘሽ ወደ ትንሣኤ አትሻገሪ፤ በመጨረሻው ሳምንት እያሳነስሽ ውረጂ። ለሐዋርያት ጾምና ለፍልሰታ አዲስ ግዢ። ከዓመት በላይ የቆየ አኩሪ አተር ውኃ አይጠጣም፤ 12 ሰዓት ተዘፍዝፎ ክብደቱ እጥፍ ካልሆነ አርጅቷል፣ ወተቱም ይቀጥናል፣ አይቡም ያንሳል። ከነጋዴው ሩብ ኪሎ ብቻ ወስደሽ ዘፍዝፈሽ መዝኚው፣ ከዚያ ኩንታሉን ተዋዋዪ። ጨርቁ ውስጥ የሚቀረውን አሰር አትጣዪው፤ በዚያው ቀን ከዳቦ ሊጥ ጋር፣ ለ1 ኪሎ ዱቄት እስከ 150 ግራም ድረስ ይገባል፤ ሲያድር ግን ይሻግታል፣ ፍሪጅም ብዙ አያቆየውም።